ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ

ሁለት ዓመት ሙሉ ጨጓራ አለብኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። ጨጓራዬ ግን ድንጋይ ቢሰጡት የሚፈጭ ጤነኛ ነበር። በእናቴ ቤት ከገበታ ራቅ ብዬ፣ በትንሽ ጣባ ለብቻዬ የምበላው ሌላ ነገር ፈርቼ ነው። የፈራሁትን ደግሞ ለማንም መናገር አልችልም ነበር፤ ዳምቦያ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ተጠሪ እኔው ነበርኩና።

ሰው ይስቃል። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ዓርብ ከሰዓት ልጆቹን ሰብስቤ "አብሮ መብላት ያስተላልፋል?" ስላቸው፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ "አያስተላልፍም!" ይሉኛል። "መጨባበጥስ?" "አያስተላልፍም!" ሰሌዳው ራስ ላይ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብዬ በትልቁ የጻፍኩት፣ ሌላ መምህር እንዳያጠፋውም ዙሪያውን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሆሳዕና ከተማ ዳር ወዳለው የእናቴ ቤት እሄድና ጣባዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው በታላቅ ወንድሜ ነው።

የአገራችን ጎረምሳ ግማሹ እንደሚያደርገው እሱም ገና በልጅነቱ ሸንኮራ ሊቆርጥ ቆላ ወርዶ ነበር። በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል፣ ሳሙናና ጨርቅ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሰንብቶ ይሄዳል። የመጨረሻው ዓመት ላይ ግን በሐምሌ መጣ። በሐምሌ ሰው አገሩ የሚገባበት በዓል የለም። ከአውቶቡስ ሲወርድ ኮቱን ያወቅሁት መሰለኝ እንጂ ሰውየውን አላወቅሁትም። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው በነጻ መታደል ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው የሚመጣው ለመሞት ነበር። በቤታችን "ሳንባ ነው" ተባለ። ጎረቤትም "ሳንባ ነው" አለ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ስሙን አይጠራም።

ወንድሜ በመጣ በሦስተኛው ቀን ከቀንድ ማንኪያዎቻችን አንዷን መርጦ እጀታዋን በቢላ ቆረጥ አደረጋት። "ይቺ የኔ ናት፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት" አለ። እናቴ በማግስቱ ጠዋት ያችኑ ማንኪያ አንስታ ቁርሷን በላችባት። ወንድሜ ጮኸ። እሷ አኘከች። ውጣ ስትጨርስ፣ "የወለድኩትን እንድጸየፍ ነው የምትፈልገው?" አለችው በሀዲይኛ፤ እናቴ አማርኛ ገበያ ላይ ካልሆነ አትናገርም። ከዚያን ቀን በኋላ ቁርሷ ሁልጊዜ በዚያች ማንኪያ ሆነ። እሱ ይደብቃታል፣ እሷ ፈልጋ ታገኛታለች።

መስቀል፣ እኛ ያሆዴ የምንለው፣ ደረሰ። ለያሆዴ ሰው ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ቤቱን ይለቀልቃል፤ ወንድሜ ጺሙ አድጎ ፊቱን ውጦት ነበር። ጸጉር አስተካካዩ "ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ" ሲል ቀረ። እንደማይመጣ ገባኝና ምላጭ ገዝቼ ደጅ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። "እጅሽ ላይ ፌስታል እሰሪ" አለኝ። አሰርኩ። ፌስታሉ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። እኔ ደግሞ ስቸገር ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን እናቴም፣ ተማሪዎቼም፣ ያገባኝ ሰውም ያውቃል። አገጩ ላይ ስደርስ አውልቄ ጣልኩት። "እሰሪው" አለ። "ዝም በል፣ ትቆረጣለህ" አልኩት። ወዲያው ተቆረጠ፤ ከከንፈሩ በታች። ደሙን ልጠርግ ስጣደፍ ምላጩ የእኔን አውራ ጣት ከፈተው።

ትንሽ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ከዚህ የባሰ ቆርጦኛል። ወንድሜ ግን እጄን አይቶ ከበርጩማው ወደቀ ልበል፣ ዘለለ ልበል አላውቅም፤ ያንን የመሰለ ጉልበት ከየት እንዳመጣ እግዚአብሔር ይወቀው፣ እጄን ይዞ ማሰሮ ውኃ ገለበጠበት። በሳሙና አሸው፣ አሸው። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "ምን አደረግሁሽ? ምን አደረግሁሽ?" ይላል። ፌስታሉን ያወለቅሁት እኔ፣ የቸኮልኩት እኔ፣ የሚያለቅሰው እሱ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ያሆዴን አሳለፈው፤ ከዚያ በኋላ ምላጭ ይዤ እንድጠጋው አልፈቀደም።

"ተመርመሪ" አለኝ። ጠዋት "ሄድሽ?" ይላል። ማታ "ሄድሽ?" ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ሆሳዕና ሄጄ ተመረመርኩ። የምክር ክፍሏ ልጅ ገና ከኮሌጅ የወጣች ነበረች፤ ቁጥር እንጂ ስም የሌለባት ትንሽ ወረቀት ሰጠችኝና "ኔጌቲቭ ነሽ። ገና ስለሆነ ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ" አለችኝ። ወረቀቷን ለወንድሜ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ አነበባት፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ማኅተም በጣቱ ዳሰሰ። "ሦስት ወር ማለት ታኅሣሥ ነው?" አለ። "ታኅሣሥ ነው" አልኩት። "እንግዲያው ታኅሣሥን አያታለሁ" ብሎ ወረቀቷን ትራሱ ሥር ከተታት።

ታኅሣሥን አላያትም። በኅዳር መጨረሻ ሞተ።

ከቀብሩ መልስ ትራሱን ሳነሳ ወረቀቷ የለችም። ፍራሹን ገለበጥኩ። የተኛበትን ገለባ በእጄ በተንኩ። ለቅሶ ቤት ስንት ሰው ይገባል፣ ስንት ሰው ይወጣል፤ አንዱ አግኝቷት ይሆናል፣ "እኅትዬዋም ትመረመራለች" እየተባለ ይሆናል ብዬ ቀዘቀዝኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። "ወረቀት አይታችኋል?" ብል "የምን ወረቀት?" ይከተላል፤ እሱ ከተከተለ ሳንባችን ሁሉ ይገለጣል።

በታኅሣሥ ዱራሜ ሄጄ ደገምኩ። ኔጌቲቭ። ወረቀቷን ይዤ ከጤና ጣቢያው በር ስወጣ የምሰጠው ሰው እንደሌለ ታወቀኝ። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። "ሄድሽ?" የሚለኝ ሰው ቢኖር አምን ነበር ብዬ አስባለሁ። የለም። የለምና አላመንኩም።

እዚህ ላይ አንድ ጅልነቴን መናገር አለብኝ፤ ሁለት ዓመት ያስከፈለኝ እሱ ነው። ዱራሜ ያለችው መካሪ "ለበሽታው ተጋልጫለሁ የምትይው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ብናገር "በምን?" ትላለች፤ በወንድሜ ደም ልላት ነው፤ የወንድሜ ሳንባ ሳንባ እንዳልነበረ ልመሰክር ነው። ስለዚህ "እንዲያው በዚህ ሰሞን" አልኳት። እሷም የሚገባትን ተናገረች፤ "ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ።" በመጋቢት አንጋጫ ሄድኩ፤ የሚያውቀኝ እንዳይኖር ሁልጊዜ አዲስ ከተማ ነው። "መቼ ነው?" "በዚህ ሰሞን።" "ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ።" ለአዲስ ነገር የሚሰጠውን ምክር ለአሮጌው ቁስሌ እየተቀበልኩ፣ ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሌላ ሦስት ወር እጀምራለሁ። ሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ? ሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

ሙዱላ የሄድኩት በገበያ ቀን ነው። ለእናቴ "ዝንጅብል ልገዛ" አልኳት፤ ከዚያ ሌላ ሰበብ አልመጣልኝም። ተመርምሬ፣ ኔጌቲቭ ሆኜ፣ ሰበቤን እውነት ለማድረግ አንድ ፌስታል ሙሉ ዝንጅብል ተሸክሜ ተመለስኩ። እናቴ ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየች። "ዝንጅብል ለጨጓራ ይሆናል እንዴ ልጄ?" አለች። "ያስታግሳል" አልኩ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጣባዬ ውስጥ ዝንጅብል ትጨምርልኝ ጀመር። እያቃጠለኝ በላሁት።

በዚህ መሃል የሚያገባኝ ሰው ነበር። የከምባታ ልጅ ነው፣ ዳምቦያ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ በአማርኛ እናወራለን፣ ሲናደድ በከምባትኛ ለራሱ ያጉረመርማል። በእኛ ሰበካ የሚጋቡ ሁለቱም ተመርምረው ወረቀት ካላመጡ ካህኑ ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን አያስነግርም። እሱ በመጀመሪያው ወር የራሱን አምጥቶ ቦርሳው ውስጥ አኖራት። እኔ አልመረመርም አላልኩም፤ ዛሬ ነገ አልኩ። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልኩት፤ ተቀበለ። ቀጥሎ ፈተና ማረም ነው አልኩት፤ ተቀበለ። ከዚያ ጨጓራዬ ነው አልኩት።

"ሠርጉን የሚበላው ጨጓራሽ ብቻ ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሻንጣዬ ውስጥ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ወረቀት አለ፤ ሁሉም ኔጌቲቭ ይላል። አንዷን አውጥቼ መስጠት ነበር። አልቻልኩም። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ወረቀቷ ብትሳሳትስ? አንድ ቀን እሱንም በእንሰት ጥላ ሥር አስቀምጬ ብላጨውስ? "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይባላል፤ ይህን ተረት ማን እንደተረተው ባውቅ ኖሮ ሄጄ እጣላው ነበር። ሲጨብጠኝ አውራ ጣቴን አጥፌ እጨብጠው ነበር። ቁስሉ ከዳነ ዓመት አልፎታል፣ እኔ ግን አጥፌው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለኝ። "ሽማግሌዎቼ ለመስቀል መልስ ይፈልጋሉ። እኔ መልስ አልፈልግም፣ አንቺን ነው የምፈልገው። ግን እኔን ካልፈለግሽኝ በጨጓራ አታመካኚ፤ በቀጥታ ንገሪኝና ልሂድ።" ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኛሁ፤ በህልሜ ግን ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አየሁ።

የያሆዴ ሳምንት ጊምቢቹ ሄድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ አልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያላልኩበት ጊዜ የለም።

ጊምቢቹ ያገኘሁት መካሪ ሽማግሌ ነው። ከሰሜን በድሬሰርነት፣ በቁስል አጣቢነት፣ ተመድቦ መጥቶ እዚያው ያረጀ፣ ሀዲይኛን ከእኔ እኩል የሚናገር ሰው። ጣቴን ወጋ፣ ደሙን ጠብ አደረገ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጠበቀ። "ኔጌቲቭ ነሽ ልጄ" አለ። ፊቴን ሲያይ ግን እስክርቢቶውን አስቀመጠ።

"ደስ አላለሽም" አለ።

"ደስ ብሎኛል" አልኩ።

"አርባ ዓመት ሰው አይቻለሁ። ደስ ያለው ሰው እንዲህ አይደለም። ስንተኛሽ ነው?"

እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቦርሳዬን ከፍቼ ሰባቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። የእሱ ስትጨመር ስምንት። በየከተማው ማኅተም፣ በየሦስት ወሩ። አንድ በአንድ አነሳቸው። "መቼ ነው የተጋለጥሽው?" አለ። አፌን ከፍቼ "በዚህ ሰ..." ልል ነበር። አልወጣልኝም። "ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሜን ስላጭ" አልኩት። የቀረው ተከትሎ ወጣ፤ ምላጩ፣ ፌስታሉ፣ ግማሽ ጺሙ፣ ታኅሣሥ።

ሰምቶ ሲጨርስ የዱራሜን ወረቀት ለይቶ አነሳት። "ይቺ ናት" አለ። "ሦስት ወርሽን እዚህ ላይ ጨርሰሻል። ከዚህ በኋላ ያሉት ሰባቱ፣ የእኔም ጭምር፣ ለበሽታ አይደሉም።"

"ለምንድን ናቸው ታዲያ?"

"ለወንድምሽ ናቸው። እሱ ደግሞ ከዚህ ወረቀት አይቀበልም።" ወረቀቶቹን ሰብስቦ መለሰልኝና፣ "እናት አለሽ?" አለ። አለችኝ አልኩት። "እኔን ካላመንሽ እሷን እመኚ። ውሰጂና አሳያት" አለ።

"ማንበብ አትችልም" አልኩት።

"ቢሆንም አሳያት" አለ።

እናቴ ጋ ስደርስ ለያሆዴ አታካና እያሰናዳች ነበር፤ ቡላውን በቅቤና በወተት እያማሰለች። ሳልቀመጥ፣ ቆሜ፣ ስምንቱን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረገፍኩላት። "እማ፣ ጨጓራ የለብኝም" አልኳት። "የእሱ በሽታ ይዞኝ ይሆናል ብዬ ነው። ሁሉም የለብሽም ይላሉ። እኔ ማመን አቃተኝ።"

ማማሰያዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አንዷን ወረቀት አንስታ ገለባበጠቻትና ማኅተሙ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሆሳዕና የተሰጠችኝ ናት፤ በመሃል አንዴ እዚያ ተመልሼ ነበር።

"ይህን ቀለም አውቀዋለሁ" አለች። "እንዲህ ያለችውን እኮ ቀብሬያታለሁ።"

አልገባኝም።

"ወንድምሽ ሊሞት ሰሞን ከትራሱ ሥር አወጣት። ኮቴን ስታለብሺኝ ይቺን ኪሴ ውስጥ ክተቺልኝ አለኝ። ምንድን ናት አልኩት። የእኅቴ ናት፣ ንጹሕ ናት ትላለች አለኝ። እኔም ታዲያ ለሷ አትቆይም ወይ አልኩት።" እዚህ ላይ ማማሰያዋን መልሳ አንስታ አታካናውን እያማሰለች ቀጠለች። "እናቴ፣ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ አለኝ። እሷን ግን አላበላሸኋትም፤ ይዣት ልሂድ አለኝ። መቁጠሪያውን በእጁ፣ ወረቀትሽን በኪሱ አደረግሁለት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ መች ጠየቅሽኝ? እኔ ያወቅሽ መስሎኝ። እሱ አምኖ ነው የሄደው፤ አንቺ ያላመንሽ መሆንሽን በየት ልወቀው? ጨጓራ አልሽኝ፣ ጨጓራ አልኩ።"

ታኅሣሥን ሳይጠብቅ አምኖ ነበር። እኔ ፍራሽ ገልብጬ፣ ገለባ በትኜ ያጣኋት ወረቀት እሱ ደረት ላይ ነበረች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ወንድሜ በጭቃው ላይ እንዳለቀሰው፣ አለቀስኩ። እናቴ አላባበለችኝም። እስክጨርስ ድረስ አታካናው እንዳያርባት ታማስላለች፤ በሌላ እጇ ጭንቅላቴን ይዛለች።

ሲበስል ትልቁን ጣባ አመጣች። የእኔን ትንሹን ጣባ ከጥጉ አንስታ ለዶሮዎቹ ውኃ አደረገችበት። ማንኪያ ሰጠችኝ። እጀታዋ ላይ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ተቆርጧል። አወቅኋት።

"ብዪ" አለች። በላሁ። እሷም ከዚያው በላች፤ ማንኪያዋን ከእጄ ተቀብላ አንድ ጎረሰችና መልሳ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ዳምቦያ ተመልሼ ያንን ሰው ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ጠራሁት። የዱራሜዋን ወረቀት ሰጠሁት። ቀኑን አነበበ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ወረቀት ናት። "ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘሻት ነበር?" አለ። ካህኑ ይህችን አሮጌ አይቀበልም፣ ለእሱ የጊምቢቹን እንሰጠዋለን አልኩት፤ ይቺ ላንተ ናት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። በከምባትኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ እስከ ዛሬ ምን እንዳለ አልነገረኝም። አውራ ጣቴን ፈልጎ ያዘ።

እናቴ ግን በሠርጌ ቀን ለሰው ሁሉ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ፦ "ልጄ ጨጓራዋ ዳነ። ዝንጅብሉ ነው።"